ከደመወዝ የሚቆረጠው የደብሊውኤ ኬርስ መዋጮ፦ የጎደለ የሥራ ሰዓት እንዴት ይታረማል?

በዋሽንግተን ስቴት ያላችሁ፣ ስለ ደብሊውኤ ኬርስ (የስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን) እባካችሁ እርዱኝ። እናቴ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከ1968 በፊት ለተወለደ ሰው፣ ቢያንስ 500 ሰዓት የሠራበት እያንዳንዱ ዓመት ከመድኑ የ36,500 ዶላር ጥቅም 10 በመቶ ያስገኝለታል። አንድ ዓመት ጠፋባት ማለት 3,650 ዶላር ነው፤ ቀላል አይደለም።

በ2024 ለአንዱ አሠሪ 310፣ ለሌላው 240 ሰዓት ሠርታለች። የአንደኛው የክፍያ ወረቀት ከ2,400 ዶላር ላይ 13.92 መቆረጡን ያሳያል፤ ልክ 0.58 በመቶ። የሁለተኛው ላይ ግን መስመሩ ጭራሽ የለም። ከመዋጮው ነጻ የሚያደርግ ደብዳቤ አውጥታ አታውቅም። የፈራሁት፣ አሠሪው በየሩብ ዓመቱ በሚልከው ሪፖርት ሰዓቷን ሳያስገባ ቀርቶ እንዳይሆን ነው።

ያለፈው ሪፖርት እንዲታረም መጀመሪያ ማንን ልጠይቅ? ደብሊው ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የዓመቱ የደመወዝና የታክስ ቅጽ) ሰዓት ስለማያሳይ የክፍያ ወረቀቶቹ ብቻ ይበቃሉ? ያልተቆረጠውስ አሁን ከእሷ ሊቆረጥ ይችላል?