ለካሪቡ አደን በትንሽ አውሮፕላን ልሄድ ነው፣ በ60 ፓውንድ ውስጥ ምን ልያዝ?

የአንኮሬጁ፦
ሰላም ቤተሰብ። አላስካ ከገባሁ 5 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዘንድሮ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ካሪቡ አደን እንሂድ ብለው ጎትጉተው ጎትጉተው አሳመኑኝ። ካሪቡ ለማታውቁት ያ ፈረንጆች ለገና ካርድ ላይ የሚስሉት ባለ ትልቅ ቀንዱ እንስሳ ነው፣ ሴቷም ቀንድ ታወጣለች። እስከ ዴድሆርስ (ሰሜን አላስካ ጫፍ ያለች የነዳጅ ሠራተኞች ሰፈር) በትልቁ አውሮፕላን ሄደን ከዛ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ ጥላን ትመለሳለች። ሴፕቴምበር 2 ገብተን በ9 ትወስደናለች። ፓይለቱ ለአንድ ሰው 60 ፓውንድ ብቻ ብሏል፣ ጠመንጃም ምግብም ጨምሮ! እኔ አገር ቤት ከአያቴ ጋር ቆቅ ከማባረር ውጪ አደን አላውቅም። የነዋሪ ላይሰንስ በ45 ዶላር አውጥቻለሁ፣ ሃርቨስት ቲኬትም (ካሪቡ ለማደን ከላይሰንሱ ሌላ የሚያዘው ወረቀት) አለኝ፣ ጠመንጃዬ 30-06 ነው፣ ተኩስ መለማመጃ ሄጄ ተለማምጃለሁ። ልብስ ምን፣ ምግብ ምን ልያዝ? ደግሞ በ11 እንቁጣጣሽ ስለሆነ ቤት መድረስ አለብኝ፣ ባለቤቴ ሰው ጠርታለች።

ጋሽ_ፌርባንክስ፦
ልጄ መጀመሪያ እንቁጣጣሹን እርሳው። በ9 ትወስደናለች ማለት በ9 አየሩ ከፈቀደ ትወስደናለች ማለት ነው። እኔ አንዴ ጉም ወርዶብን 4 ቀን ተጨማሪ ተቀምጫለሁ፣ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማን ቁጥር ከድንኳን እየዘለልን እንወጣለን፣ ወይ ሌላ ጋ የሚሄድ ነው ወይ ጭራሽ ነፋሱ ነው። ስለዚህ ለ7 ቀን የምትሄድ ከሆነ የ11 ቀን ምግብ ያዝ፣ ሌላውን ቀንስና። ጋርሚን ኢንሪች ወይም ሌላ በሳተላይት ቴክስት የሚያደርግ ነገር ከሌላችሁ አትሂዱ፣ እዛ ስልክ የለም። ለፓይለቱም ለባለቤትህም በሱ ትጽፋለህ።
ሌላ አዲስ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ በትንሿ አውሮፕላን በበረርክበት ቀን መተኮስ ክልክል ነው። ካሪቡው ድንኳንህ በር ላይ ቆሞ ቢያይህም አትነካውም፣ በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት (በፈረንጅ 3 ሰዓት) በኋላ ነው የሚፈቀደው።

ሾፌሩ፦
ወፍራም ጂንስ፣ ጥሩ ጃኬት፣ ጋዝ ሲሊንደሩን ሻንጣ ውስጥ ክተት፣ አለቀ። ሰው አታስፈራሩ 😂

ጋሽ_ፌርባንክስ፦
@ሾፌሩ ጂንስ?! ጥጥ አንዴ ከራሰ እዛ አይደርቅም፣ ሰውየውን ልትገድለው ነው እንዴ። ከብሩክስ ተራራ ወዲያ ዛፍ የለም፣ እሳት አንድደህ ልብስ አደርቃለሁ ብለህ እንዳታስብ። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ የጎማ ዝናብ ልብስ፣ ካልሲ 4፣ ረጅም ቦቲ፣ በቃ። ጋዙንም የድብ ስፕሬይንም ትልቁ አውሮፕላን በሻንጣም በእጅም አይቀበልም፣ ጣጥለውብህ ባዶ ምድጃ ይዘህ ነው የምትገባው። ትንሿን አውሮፕላን የሚያበረው ኩባንያ እዛው ይሸጥልህ እንደሆነ አሁኑኑ ደውለህ ጠይቅ። ጠመንጃው እስከ ዴድሆርስ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን ይሄዳል፣ ቼክ ስታደርግ ትናገራለህ። ሳጥኑን ግን እዛው ተወው፣ ትንሿ ላይ በለስላሳ ማኅደር ነው የምትጭነው። ትልቅ ሻንጣም አትያዝ፣ ፓይለቱ ዕቃውን የሚወሽቀው በየስርጓጉጡ ነው፣ ትንንሽ ለስላሳ ቦርሳ ይወዳል።

የአንኮሬጁ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ይሄን ባልሰማ ጋዙን ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነበር። 60ው ግን እንዴት ይበቃል? ድንኳንና ምድጃ ተካፍለን እንኳ ከባድ ነው።

በሶ_በማር፦
እኔ አዳኝ አይደለሁም ባሌ ነው፣ ግን ስንቁን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ወንድሜ እነዛ በውሃ የሚፈሉ የፈረንጅ እሽግ ምግቦች አንዷ 10 ዶላር ምናምን ናት፣ የኛ ስንቅ እኮ ድሮም ለነጋዴና ለዘማች የተሠራ ነው፣ አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ ያጠግባል። በሶ በየቀኑ ልክ በትንንሽ ዚፕሎክ፣ ማር ለብቻ በፕላስቲክ ጠርሙስ። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል፣ ጋዝ አይነካም። ድርቆሽ በደንብ የደረቀ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤ ተነጥሮ በጠርሙስ። ማታ ሽሮዋን አቅጥኖ ድርቆሹን ይጨምራል፣ ፈረንጆቹ ጓደኞቹ የራሳቸውን ትተው ከሱ ነው የሚበሉት። ኪሱ ውስጥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ካገኘህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ባለፈው ለ10 ቀን የላክሁለት ሲመዘን 14 ፓውንድ ነው የመጣው። የታሸገ ቆርቆሮ ምግብ እንዳታስገባ፣ ውሃ ነው የምትሸከመው። የወንዙን ውሃ ደግሞ አጣራ ወይ አፍላ፣ ንጹሕ መስሎ ሆድ የሚያበላሽ አለ።

ጋሽ_ፌርባንክስ፦
ይቺ ሴት ትክክል ናት። እኔ የምጨምረው፣ ቦቲውን፣ ወፍራሙን ጃኬት፣ የዝናብ ልብሱን ለብሰህ ግባ፣ ቦርሳው ይቀልልሃል። ግን ፓይለቱ ክብደትህን ሲጠይቅህ ለብሰህ ተመዝነህ እውነቱን ንገረው፣ እሱ የሚያሰላው ያንን ነው፣ 20 ፓውንድ ብትሸሽግ መነሻው ጠጠሩ ላይ ነው ጉዱ የሚታየው። ላይተር፣ ቢላና ኢንሪቹ በኪስህ ይሁን እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። አውሮፕላኗ ብትገለበጥ በእጅህ የሚቀረው ኪስህ ውስጥ ያለው ነው።

ብልት_አዋቂ፦
ሁሉም ስለመሄዱ ነው የሚያወራው፣ እኔ ስለ ሥጋው ልናገር። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እዚህም የአዳኝ ሥጋ የሚያዘጋጅ ቤት ነው የምሠራው። ሕጉ የሚበላውን ሥጋ ሁሉ አውጣ ነው የሚለው፣ ቀንዱን ይዞ ሥጋውን ጥሎ መምጣት እስር ያለበት ወንጀል ነው። በኛ ብልት ልንገርህ፦ ሁለቱ ወርች እስከ ጉልበት፣ ሁለቱ ታፋ፣ ሽንጡ፣ ከውስጥ ያለው ፊሌቶ፣ አንገቱ፣ ፍሪምባው፣ የጎድኑ ሥጋ። አንዳንድ ዩኒት (አላስካ የተከፋፈለችበት የአደን ቀጠና) ላይ ሥጋው ከነአጥንቱ ይውጣ ይላሉ፣ የምትሄድበትን ዩኒት ቁጥር የአደን ሕጉ ደብተር ላይ እይ። ቀንዱ ከሥጋው ቀድሞ አይወጣም፣ ከመጨረሻው ሥጋ ጋር ወይ ከዛ በኋላ ነው።
አንድ ትልቅ ወንድ አጥንቱ ወጥቶም ከ100 ፓውንድ ያልፋል። መሬቱን ደግሞ አላየኸውም። ቱንድራ፣ ያ ዛፍ የሌለው የሰሜን መሬት፣ ከአውሮፕላን ሜዳ ይመስላል፣ ስትወርድ የሰው ጭንቅላት የሚያካክሉ የሣር ጉብታዎች ናቸው፣ ላዩ ላይ ስትረግጥ ይንከባለላል፣ መሃሉን ስትረግጥ ውሃ። በዛ ላይ ታፋ ተሸክመህ አንድ ማይል ሰዓት ሙሉ ነው፣ ደግሞ 3 ወይ 4 ምልልስ። ስለዚህ ከድንኳኑ አንድ ማይል ያለፈ እንስሳ ቢያምርም አትተኩስ፣ ነገ ሌላ ይመጣል።
ለአንድ ካሪቡ አየር የሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት 6 ያዝ። ላስቲክ ውስጥ ያደረ ሥጋ እኛ ጋ ሲመጣ ሽታው በር ላይ ይቀበለናል። ከረጢቶቹን ቁጥቋጦ ላይ አንጥፈህ ከላይ ሸራ ወጥር፣ ጎኑ ክፍት ይሁን ነፋስ ያግኘው። ከድንኳኑ ራቅ አድርገህ፣ ግን ከድንኳኑ የሚታይ ቦታ፣ ድብ ቢመጣ ሄደህ ከምትደናገጥ ከሩቁ እንድታየው። ቢላ ሁለት፣ መሳያ አንድ። መጥረቢያ አያስፈልግም፣ መገጣጠሚያውን ካወቅህ ቢላ ይበቃል።

ከዲሲ፦
እኔስ ከዚህ መጥቼ መሄድ እችላለሁ?

ጋሽ_ፌርባንክስ፦
@ከዲሲ ትችላለህ፣ ግን ለውጪ ስቴት ሰው ላይሰንሱ 160፣ የካሪቡ ታግ (ለገደልከው እንስሳ የሚታሰር መለያ) 650 ዶላር ነው። ለካሪቡ አስጎብኚ አትገደድም፣ እንደ ግሪዝሊ ድብ ላሉት ነው ግዴታው። አሜሪካ የማይኖር የውጪ ዜጋ ግን ለካሪቡም ይገደዳል።

የአንኮሬጁ፦
ብልት አዋቂ ወንድሜ ተባረክ፣ ፍሪምባ ስትል ምራቄን ዋጥኩ። እውነት ለመናገር ሚጥሚጣና ቅቤ የምይዘው እዛው ክትፎ ላደርገው ነበር። ትንሽ ጀበናም።

ነርሷ፦
ክትፎውን ተው! ሰሜን አላስካ ያለው ካሪቡ ላይ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ይገኛል፣ ሰው ላይ ሲመጣ ለሳምንታት ትኩሳት፣ መገጣጠሚያ ሕመም፣ ረጅም መድኃኒት ነው። ማቀዝቀዝ አይገድለውም፣ ቋንጣ ማድረግም አይበቃም፣ በደንብ ማብሰል ብቻ። ስትገፍና ስትበልት ጓንት አድርግ፣ ያበጠ ጉልበት ወይም ያበጠ ቆለጥ ያለው እንስሳ ካየህ አትተኩስበት። ጓንቱ ምንም አይመዝንም፣ 10 ጥንድ ያዝ።

ብልት_አዋቂ፦
ነርሷ ልክ ናት፣ እኔም ሥራ ቦታ ያለ ጓንት አልነካም። ጥብስ ይበቃሃል፣ ሽንጡን። ጀበናውን ግን ምን አስበህ ነው ወንድሜ፣ ሸክላ ነው እኮ፣ ሲደርስ ገል ነው የምትቆጥረው።

የአንኮሬጁ፦
ዛሬ ማታ መዘንኩ። 71 መጣ። ጀበናውን፣ ሁለተኛውን ጂንስ (አዎ ሁለት ነበር)፣ ትልቁን ባትሪና 3 ሣጥን ጥይት አወጣሁ፣ ጥይት 20 ፍሬ ይበቃል ብለው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አሁን 59 ነው። ቡናው ተፈጭቶ በላስቲክ ገብቷል፣ በብረት ድስት አፍልቼ እጠጣለሁ። ባለቤቴን እንቁጣጣሹን ወደ መስቀል ታዛውረው ብያት እያኮረፈች ነው፣ ኢንሪቹን ግን ራሷ ገዛችልኝ።

በሶ_በማር፦
በሶውን እንዳትረሳው ብቻ፣ 1 ፓውንድ ቀርቶሃል።