«አረመኔዎቹ ሳክሶኖች» ትክክል ነው?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ስለ ፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝና በዛሬዋ ሰሜን ጀርመን ስለነበሩት ሳክሶኖች አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ንጉሡ አረመኔዎቹን ሳክሶኖች ድል አድርጎ አስጠመቃቸው» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ አንብባ «ምን ጭካኔ ፈጽመው ነው?» አለችኝ። እኔ ጣዖት አምላኪ ማለቴ ነበር። ምን ልበል? አረማዊ? አሕዛብ?

የዜማ ልጅ፦
አረመኔ ልክ ነው። ማቴዎስ 18፥17ን አስታውስ፤ «እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ ይሁንልህ» ይላል። እዚያ ጭካኔ የት አለ? ያላመነ ማለት ነው።

ባላገሩ፦
ለእኔ ቃሉ ከ«አረም» የመጣ ነው። ስንዴ መሃል የበቀለ አረም። አማኙ ስንዴ፣ ያላመነው አረም።

የዜማ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ወንጌሉ እንክርዳድ አለ እንጂ አረም አላለም።

ዘቅኔ፦
ልጆች፣ ቅኔ ቤት የከረምኩ ሰው ነኝና አንዴ ስሙኝ። ግእዙ አረሚ፣ አረማዊ ነው። መነሻው አራም፣ የሶርያ ምድር ስም ነው። የሶርያ ክርስቲያኖች ራሳቸውን «ሱርያያ» ሲሉ፣ «አርማያ» የሚለው የጥንት ስም ላላመነው ቀረ። እኛ ዘንድም በዚሁ ፍቺ ገባ። የሕዝብ ስም የነበረው የእምነት ስም ሆነ፤ በአማርኛ ደግሞ የጠባይ ስም። አረም እርሻ ላይ ይቅር።

ባላገሩ፦
እሺ የኔታ፣ አረሜን መለስኩ። ግን ላቲኑን እዩት። «ፓጋኑስ» መጀመሪያ ባላገር ማለት ነበር፤ «ፓጉስ» ገጠር ነውና። ክርስትና በሮም ግዛት መጀመሪያ የያዘው ከተማውን ስለሆነ ነው ገጠሬው ያላመነ የተባለው የሚሉ አሉ። ስለዚህ «ባላገሮቹን ሳክሶኖች»!

የታሪክ ወዳጅ፦
ለሳክሶኖች ግን አይሆንም። በእነሱ ምድር የሮም ከተማ አልነበረም። ወደ እንግሊዝ የተሻገሩት ዘመዶቻቸው ዘንድም ክርስትና የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የኬንቱ ንጉሥ የኤተልበርት ሚስት በርታ አስቀድማ ክርስቲያን ነበረች፤ በ597 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሮሙ ጳጳስ የጎርጎርዮስ መልእክተኛ አውግስጢኖስ ሲደርስ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ጎርጎርዮስ በ601 ጣዖቶቹን እንጂ ቤተ ጣዖቱን አታፍርሱ፣ ጠበል ረጭታችሁ ቤተ ክርስቲያን አድርጉት ብሎ ጻፈ። ሻርለማኝ እንደዚህ አላደረገም። በ782 ፌርደን ላይ 4,500 ሳክሶኖችን በአንድ ቀን አስገደለ፤ ቁጥሩን የጻፈው የራሱ ዜና መዋዕል ነው። ከዚያ ሕግ አወጣ፤ አልጠመቅም ያለ ይሙት፣ ክርስትናን ንቆ በዐቢይ ጾም ሥጋ የበላ ይሙት። የራሱ ሊቅ አልኩዊን እንኳ እምነት በፈቃድ እንጂ በግድ አይሆንም ብሎ ተከራክሯል። የእህትህ ጥያቄ ትልቅ ነው። በዛሬው አማርኛ አረመኔው ማን ነው?

የዜማ ልጅ፦
ይህ የታሪክ ፍርድ ነው፣ የቃል ፍቺ አይደለም። ቃሉ ያላመነ ማለት ነው፤ ሳክሶኖቹ አላመኑም። አለቀ።

የታሪክ ወዳጅ፦
አንባቢ ቃሉን የሚሰማው በዛሬ ጆሮው ነው። የሞቱት ሰዎች በአንድ ቃል ጥፋተኛ ሲደረጉ ዝም ማለት አልችልም።

ተርጓሚው፦
ታዲያ አሕዛብ ልበል?

ዘቅኔ፦
«ለምንት አንገለጉ አሕዛብ» ይላል መዝሙረ ዳዊት! አሕዛብ ብዙ ሕዝቦች ማለት ነው፤ ፍቺው ሰፊ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን «አስጠመቃቸው» የሚለው ነው። የሳክሶኖቹ መሪ ዊዱኪንድ በ785 አቲኚ ላይ ሲጠመቅ፣ ክርስትና አባቱ ሻርለማኝ ራሱ ነበር። የላቲኑ ዜና መዋዕል ንጉሡ ከጥምቀቱ ውኃ ተቀበለው ይላል። በእኛ አማርኛ ይህ «ክርስትና አነሣው» ነው። ለዊዱኪንድ አስጠመቀው ብቻ ካልክ፣ የትናንት ጠላቱ አባት መሆኑ ይጠፋል።

የዜማ ልጅ፦
የኔታ፣ «አነሣው» ላይ እንኳ አልስማማም። ክርስትና ማንሣት ሕፃን ታቅፎ ነው፤ ዊዱኪንድ ጎልማሳ ጦረኛ ነው።

ዘቅኔ፦
ጎልማሳም ክርስትና ይነሣል። ከውኃው ሲወጣ እጁን የሚይዘው አለና።