የበሬ ቀንድና ማይካርታ አንድ ቢላ ላይ አብረው ይሄዳሉ?

ጀማሪ ባለእጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢላ እየሠራሁ ነው። ቅርጹን በግራይንደር አውጥቼ በሞረድ አስተካክዬዋለሁ፣ ገና አላጠነከርኩትም። ለእጀታው የበሬ ቀንድ አለኝ፣ ወደ ስለቱ በኩል ደግሞ ጥቁር ማይካርታ (ከጨርቅና ሙጫ መሰል ሬዚን የሚሠራ ጠንካራ ሰሌዳ) ጣል ላደርግበት አስቤያለሁ። እነዚህ በኢፖክሲ ሙጫ ብቻ ይያዛሉ ወይስ የግድ በናስ መቸንከር አለባቸው? ሌላው፣ ያለኝ ከሰልና ማራገቢያ ብቻ ነው፣ የሙቀት መለኪያ የለኝም። ብረቱ እንዲጠነክር ዘይት ውስጥ ለመነከር መድረሱን በምን ልወቅ?

ወናፍ፦
ከኋለኛው ልጀምር፣ እሱ ከተበላሸ እጀታው ምን ያደርግልሃል። ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለህ አጠገብህ አድርግ። ብረቱ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ግን እዚያው ላይ እንዳትነክረው! ቀለሙ ትንሽ ደመቅ እስኪል ጨምርለት፣ ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 830 አካባቢ ይፈልጋል። ይሄን ቀለም ፀሐይ ላይ ቆመህ አታየውም፣ ጥላ ውስጥ ሥራ። ዘይቱን ቀድመህ 50 ዲግሪ ገደማ አሙቀው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። ቢላው ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ወደ ጎን ካወዛወዝከው ይጣመማል። ውሃማ አይታሰብ፣ ሊሰነጠቅብህ ይችላል። ሲቀዘቅዝ ሞረድ አስኪድበት፦ ካንሸራተተ ጠንክሯል፣ ከነከሰ ገና ነው። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ኦቭን ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ዙር። ይሄን ከዘለልክ ከእጅህ ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሆነው።

ሞረድ በእጄ፦
ወናፍ ያለው ልክ ነው፣ ግን የችንካሮቹን ቀዳዳዎች አሁኑኑ ብሳ። ከጠነከረ በኋላ የሚያልቀው የትራፓኖህ መብሻ ነው። ስለቱንም አሁን አታሳሳው፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ተውለት፣ የቀረውን በኋላ ትሞርደዋለህ።

ኢፖክሲ ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሉ። ለማይካርታ እሺ፣ በሬዚን የተጋገረ ጨርቅ ስለሆነ እርጥበት ብዙም አያስጨንቀውም። ቀንድ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውሎ አድሮ ከብረቱ መላቀቁ አይቀርም። ስለዚህ ቸንክረው፣ በተለይ ቀንዱ ላይ። የሚጣበቀውን ገጽ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ በአሴቶን ጥረገው፣ ከዚያ ወዲያ በጣትህ እንዳትነካው። ሞርሳውን ደግሞ ከልክ በላይ አታጥብቅ፣ ሙጫው ተጨምቆ ያልቅና ባዶውን ይቀራል።

ጀማሪ ባለእጅ፦
ተባረኩ! ቀንዱ ግን ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ቀና ይላል?

ወናፍ፦
ይላል። መጀመሪያ ሰንጥቀው፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ውሃ ውስጥ ቀቅለውና በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሃል ሞርሳ ላይ እሰረው። በደንብ እስኪቀዘቅዝ አትፍታው። ግን ያንኑ ቀን ልለጥፈው እንዳትል፣ ሳምንታት ይድረቅ።

ሞረድ በእጄ፦
ስትፈትገውም ቀስ በል። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ከሸተተህ ቀንዱ እየተቃጠለ ነው፣ ስሩ ያለው ኢፖክሲም ይለሰልሳል። የማይካርታው ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ተራ የጨርቅ ጭምብል አያድንህም፣ ማጣሪያ ያለው ይሁን። ችንካሮቹን ስትሞርድ ናሱ ቶሎ ስለሚግል መሃል መሃል ላይ በእጅህ እየነካህ እረፍት ስጠው።

ጀማሪ ባለእጅ፦
በቃ ነገ ከቀዳዳው እጀምራለሁ። ባለ 5 ሚሊ ሜትር የናስ ዘንግ አለኝ፣ ሦስት ቦታ ብቸነክረው ይበዛል?

ሞረድ በእጄ፦
አይበዛም። ሁለቱ ቀንዱ ላይ፣ አንዱ ማይካርታው ላይ።