ውሻችን የልጄን አደራል በላ፤ ሆስፒታል ይደር ወይስ ቤት ልውሰደው?

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ የእንስሳት ሐኪም የሆናችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ውሻችን ቡቺ ልጄ ለኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) የሚወስደውን አደራል የሚባል መድኃኒት፣ ያውም ቀስ እያለ የሚለቀቀውን ኤክስ አር፣ ዕቃውን አኝኮ ሰብሮ በላው። ስንት ፍሬ እንደዋጠ አናውቅም። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ ሳሎኑን ያለ ዕረፍት ይዞር ነበር፤ ደረቱን ስነካው ልቡ በጣም ይመታል። የእንስሳት መርዝ ማዕከል ስንደውል ምልክቱ ከጀመረ በኋላ እንዳናስመልሰው አስጠነቀቁን፤ ቢያንቀጠቅጠው ትውከቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

አሁን ድንገተኛ ክፍል ነው። በደም ሥሩ ፈሳሽ እየተሰጠው ነው፤ አሴፕሮማዚን የሚባል ማስታገሻ ተወግቶ ትንሽ ረጋ፣ ሙቀቱም ወርዷል። ሐኪሟ ግን መድኃኒቱ ገና ከአንጀቱ እየገባ ስለሆነ እስከ ነገ ይደር ትላለች። እኔም አምናታለሁ፣ ግን ሂሳቡ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ልጄ ደግሞ «በእኔ መድኃኒት ሊሞት ነው» እያለ ያለቅሳል።

ይህ የደረሰበት ሰው አለ? ማስታገሻው ሲያልቅ ምልክቱ ይመለሳል? ቤት ብወስደው ሌሊት ምን ምን ልጠብቅ? በየወሩ ከፍሎ መጨረስ የሚቻልበትን መንገድ ወይም የሚረዳ ድርጅት የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።