የተጎዳውን የፍየል ቆዳ በምን ልለየው?

ሰላም ወገኖች፣ ከድሬዳዋ ነው። ጫት ላይ የሚረጭ ዲያዚኖን የተባለ የተባይ መድኃኒት በቆዳ በኩል ምን ያህል ሰርጎ እንደሚገባ ለመመረቂያ ጽሑፌ እየለካሁ ነው። ያሉኝ አራት ፍራንዝ ሴሎች (ቆዳ መሃላቸው ተወጥሮ ከላይ ወደ ታች ያለፈው የሚለካባቸው የመስታወት ዕቃዎች) ናቸው። በሰው ቆዳ ምትክ የተለመደው የአሳማ ጆሮ እዚህ ከየት ይመጣል? ከሥጋ ቤት የፍየል ጆሮ ገዝቼ፣ ፀጉሩን በመቀስ ከርክሜ፣ ቆዳውን ገፍፌ ወጠርኩት። ሙቀቱን እንደ ሰው ቆዳ ገጽ 32 ዲግሪ ላይ ማቆየትም ትግል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ራሱ ከዚያ ይበልጣል።

ሁለቱ ሴሎች 24 ሰዓት ሙሉ ቀስ እያሉ አሳለፉ። ሁለቱ ግን ከላይ ያደረግኩትን ግማሽ ያህሉን በ30 ደቂቃ ታች አወረዱት። በአጉሊ መነጽር አየሁ፣ ቀዳዳ የለም። ቆዳው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚከላከል በመልቲሜትር ሞከርኩ፣ ቁጥሩ አንድ ቦታ አልቆም አለ። ከቆዳ የሚተነውን ውሃ የሚለካ መሣሪያ የለንም። ታዲያ መድኃኒቱን ከማድረጌ በፊት የተጎዳውን ቆዳ ከደህናው በምን ልለየው?