ለሻይ ቤታችን ግድግዳ፦ የፌራሪ አራቱ ሾፌሮች እነማን ይሁኑ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ወገን። በባጃጅ ማኅበራችን ሻይ ቤት በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር የፌራሪን ታሪክ የቀየሩ ሾፌሮች ይሰቀሉ ብላችኋል። ገንዘብ ያዣችን ብሩ የሚበቃው ለአራት ሳንቃ ነው ይላል። ባነር አይታሰብም፤ ያለፈውን የጣና ነፋስ በአንድ ሌሊት ቀዶታል። ስም ከነምክንያቱ ጻፉልኝ፤ አጠናቅሬ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ይሁን።

ፔዳ መስመር፦ ሹማከር። ክርክር አያስፈልገውም። ፌራሪ ከ1979 በኋላ 21 ዓመት ሙሉ የሾፌር ሻምፒዮን አላወጣም ነበር። እሱ በ1996 ገባ፤ ከ2000 እስከ 2004 አምስቱንም ዓመት ጠቀለለው። ለፌራሪ ብቻ 72 ውድድር አሸንፏል።

ጋራዥ፦ መሐንዲሶቹ ሮስ ብራውንና ሮሪ በርን ከድሮ ቡድኑ ተከትለውት ባይመጡ ኖሮ እናየው ነበር። ይጻፍልኝ። የእኔ ሰው ላውዳ ነው። ገና እንደመጣ መኪናውን ሞክሮ ለቡድኑ መሥራች ለኤንዞ ፌራሪ አይረባም አለው፤ ፊት ለፊት! ከዚያ የቱ ጋ እንደማይረባ ነገረው። እናንተ እኮ «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይንኳኳል» ብላችሁኝ ሻይ ልትጠጡ ትሄዳላችሁ። ላውዳ ፊዮራኖ በሚገኘው መሞከሪያ ሲዞር ይውላል። በ1975 ሻምፒዮን ሆነ። በ1976 ጀርመን፣ ኑርበርግሪንግ ላይ ሲወዳደር ከነመኪናው ተቃጠለ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ጣልያን፣ ሞንዛ ላይ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ነድቶ አራተኛ ወጣ። የዚያን ዓመት ዋንጫ ያጣው በአንድ ነጥብ ነው። በ1977 መልሶ ወሰደው።

ጊዮርጊስ መስመር፦ ጋሼ፣ የሚንኳኳው እውነት ነው እኮ! እኔ ቪልነቭ እላለሁ።

ፔዳ መስመር፦ ስድስት ድል ብቻ? ሻምፒዮንም አልሆነም። አስካሪ እያለ? በ1952 እና በ1953 የፌራሪ የመጀመሪያው ሻምፒዮን እሱ ነው።

ጊዮርጊስ መስመር፦ በ1981 ስፔን፣ ሃራማ ላይ ያደረገውን እይ። መኪናው ቀጥታ ላይ ይሮጣል፣ ኩርባ ላይ ግን ጉድ ነው። አራት መኪና ከኋላው ደርድሮ አንድም ሳያሳልፍ ጨረሰ። አምስቱም በ1.24 ሰከንድ ውስጥ ነው የገቡት። ገበያ ቀን በጠባብ መንገድ የሚነዳ ይፍረደኝ። በ1982 ቤልጂየም፣ ዞልደር ላይ ሞተ፤ ደጋፊው እስካሁን የመኪናውን ቁጥር፣ 27ን፣ ሲያይ እሱን ነው የሚያስበው።

ፓፒረስ መስመር፦ ጆን ሰርቲስስ? በሞተር ሳይክል ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ በ1964 ደግሞ በፌራሪ። በሁለት ጎማም በአራት ጎማም ሻምፒዮን የሆነ ከእሱ ሌላ የለም። ባለ ሦስት ጎማው ቦታ ለእኛ ክፍት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ 😂 ይሄንን ለመስቀል ከኪሴም ቢሆን አወጣለሁ። ግን ጉባኤው «የጣልያን መኪና ምን አገባን» ቢለንስ?

ፓፒረስ መስመር፦ ማኪያቶ የሚያዝ ሰው እንዲህ አይጠይቅም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ እንዲህ እጽፋለሁ። ሹማከር፣ ላውዳ፣ ቪልነቭ፣ ሰርቲስ። አስካሪ መጀመሪያ ነውና ስሙ ከነዓመቱ ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር ይገባል። ፔዳ፣ ይበቃሃል?

ፔዳ መስመር፦ ፊደሉ ትልቅ ከሆነ።

ጸሐፊ፦ ይሆናል። ከጥምቀት በፊት ይሰቀል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ ስለሚበዛ ማንም ጊዜ የለውም። ሳንቃው የት ይውረድ?

ጋራዥ፦ እኔ ጋ አውርዱት። ቀለሙ ግን ቀይ ነው። ከባጃጅ የተረፈ ሰማያዊ እንዳታመጡብኝ።