የእንጨት እስክሪብቶ ሲገጠም ለሚሰነጠቅባችሁ፦ የት ይበሳ? በምን ይለጠፍ?

ደብረ ማርቆስ ላይ የእንጨት እስክሪብቶ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። "ሁሉ ነገር አልቆ ልገጥመው ስል ጧ አለብኝ" ትሉኛላችሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እንጨቱ ይበሳል፣ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን የናስ ቱቦ ይለጠፋል፣ ከዚያ የእስክሪብቶው ብረቶች ቱቦው ውስጥ ተገፍተው ይገጠማሉ። ሲገጠም የሚሰነጠቅ እስክሪብቶ የተበላሸው ቀድሞ ነው፤ ሲበሳ ወይም ሲለጠፍ።

ለመብሳት ያለን ምርጫ ሁለት ነው። የቤት ዕቃ የሚሠሩ እንጨት ቤቶች ቅርብ ናቸው፣ ዋጋቸውም ቀለል ይላል። ግን ትራፓኖውን በእጅ ይዘው ነው የሚበሱት። አንዱ ጋ አሥር ቁራጭ ሰጥቼ ስድስቱ ጠማማ ሆነው ተመለሱ። በአንድ ጎን እንጨቱ እንደ ወረቀት ሳስቷል። የብረት ቶርኖ ቤት ደግሞ ወረፋ አለው፤ "ለእስክሪብቶ ነው እንዴ?" ብለውም ይስቁባችኋል። ይሳቁ። ማሽኑ ቁራጩን ጠብቆ ስለሚይዘው ቀዳዳው መሀል ለመሀል ይወርዳል። ጫፉንም እዚያው ቀጥ አድርገው ይቆርጡላችኋል፤ ጫፉ ዘመም ካለ እኮ ብረቱና እንጨቱ አይገናኙም። አዲስ የ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይዛችሁ ሂዱ። ሰጋቱራውን ቶሎ ቶሎ እያራገፉ እንዲበሱም ንገሯቸው። ፑንታው ከጋለ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ሙጫ ላይ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። ኮላ ለእንጨት ጥሩ ነው፣ ናስ ግን አይዝም። ሱፐር ግሉ ይይዛል፤ ችግሩ ቱቦው ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም የለም። የኔ ምርጫ ሦስተኛው፣ በሁለት ተለያይቶ የሚመጣውና ተቀላቅሎ የሚለጠፈው ኢፖክሲ ነው። ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት፣ እያዞራችሁ አስገቡት፣ እስከ ነገ አትንኩት። ሙጫ ወደ ቱቦው ውስጥ ከገባ ግን ብረቱ ሲገፋ ቦታ ያጣና እንጨቱን ይከፍተዋል። መፍትሔው ድንች ነው፤ አትሳቁ። የቱቦውን ጫፍ ጥሬ ድንች ላይ ጫን ስታደርጉት ይደፈናል። ሲደርቅ በምስማር ገፍቶ ማውጣት ነው።

እንጨት? እርጥብ ባሕር ዛፍ ይቅርባችሁ፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለጀማሪ ገራም ነው። ውበቱ ያለው ወይራ ላይ ነው፤ ግን የደረቀውን ፈልጉ። እኔ የተሰበረ የወይራ ዘነዘና ከገጠር አስመጣለሁ፤ ስንት ዓመት ቤት ውስጥ የደረቀ ነው።

ከዚህ በኋላ መግጠሙ ቀላል ነው። በመዶሻ አትምቱ። ሞርሳ መንጋጋው ላይ ለስላሳ እንጨት አድርጋችሁ በቀስታ ግፉት። የመጻፊያውን ጫፍ የሚያወጣውንና የሚመልሰውን የሚጠመዘዝ ክፍል ስትገፉ ግን በየመሀሉ የቀለም ቀፎውን ከትታችሁ እዩ። ክፍሉ ብዙ ከገባ የቀፎው ጫፍ አይመለስም፤ ትንሽ ከገባ አይወጣም። ከእስክሪብቶው የብረት ጫፍ እስከ የሚጠመዘዘው ክፍል መጨረሻ ወደ 10.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ልክ ነው። ካለፈባችሁ በሌላው በኩል ቀጭን ዘንግ አስገብታችሁ በቀስታ መልሱት።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ይሄ ባለ 7 ሚሊ ሜትሩ የሚቀበለው ክሮስ የሚባለውን የእስክሪብቶ ዓይነት ቀፎ ነው፤ የቢክ አይገባም። ዕቃውን ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ መለዋወጫ ቀፎም አብሮ ይያዝላችሁ።